የሕዝብ ሥራና የመሥሪያ ቤቶች ፈንታ

በየአገሩ ሕዝቡ የሌላውን እጅ ሳይጠብቅ በገዛ ገንዘቡና በገዛ ጕልበቱ መንደሩን ሲያሻሽል ይታያል። ይህን የመሰለው ሥራ ሲዠመር የሚያመሰግነው ብዙ ነው፤ እየሰፋ ሲኼድ ግን ከታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ጋራ መገናኘቱ አይቀርም። መሥሪያ ቤቱም በዚያን ጊዜ ከሦስት ነገር አንዱን ያደርጋል፤ ወይ እንዳላየ ኾኖ ያልፈዋል፥ ወይ ሥራው የኔ ነው ብሎ ይወስደዋል፥ ወይም የያንዳንዱን ፈንታ ለይቶ አብሮ ይሠራል። ከነዚህ ከሦስቱ የትኛው እንደሚበጅ በቃል ብቻ ከመከራከር፥ በሥራ የተፈተነውን ነገር መመርመር ይሻላል። ስለዚህ በፓኪስታን አገር በካራቺ ከተማ፥ ኦራንጊ በሚባለው ሰፈር የኾነውን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኦራንጊ ከካራቺ በስተሰሜን ምዕራብ ያለ ሰፈር ነው። ሰው ይሰፍርበት የዠመረው በ1965 ዓመት ሲኾን፥ በ1971 ዓመት ምሥራቅ ፓኪስታን ተለይታ ባንግላዴሽ ከተባለች በኋላ ከዚያ የተሰደዱ ብዙ ቤተ ሰቦች ተጨመሩበት። ነዋሪዎቹ የቀን ሠራተኞች፥ ሸማኔዎች፥ የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎችና ትናንሽ ነጋዴዎች ናቸው፤ ቍጥራቸውም እያደገ ኼዶ ወደ አንድ ሚሊዮን ደረሰ። መሬቱን ከደላሎች እጅ ገዙ እንጂ ከማዘጋጃ ቤት ስላልተመሩት፥ ሰፈሩ በሹማምንቱ መዝገብ ውስጥ ለብዙ ጊዜ እንደሌለ ይቈጠር ነበር። ቤቱን ሁሉም እንደ ዐቅሙ ሠራ። የቈሻሻ ውሃ ማስወገጃ ግን አልነበረም፤ ከየቤቱ በባልዲ የሚወጣው ቈሻሻ ከደጅ ይደፋ፥ እድፉም በየጠባቡ መንገድ ላይ ይፈስ ነበር። ሕፃናቱ በዚሁ መካከል እየተጫወቱ በተቅማጥና በንዳድ ይታመማሉ፤ የቤቶቹም መሠረት ውሃውን እየጠጣ ይበላሻል።

በ1980 ዓመት አክታር ሐሚድ ኻን የሚባሉ ሽማግሌ ወደዚህ ሰፈር መጡ። እኒህ ሰው በ1914 ዓመት የተወለዱ፥ በእንግሊዞች ዘመን በህንድ አገር የመንግሥት ሹም የነበሩ፥ የቤንጋልን ረኃብ ካዩ በኋላ በ1945 ዓመት ሹመታቸውን በፈቃዳቸው ትተው ለጥቂት ጊዜ ከቍልፍ ሠሪ ዘንድ የእጅ ሥራ የተማሩ ሰው ናቸው። ከዚያም በኋላ በምሥራቅ ፓኪስታን በኮሚላ ገበሬዎችን በማኅበር በማደራጀት ስማቸው የታወቀ ነበር። ወደ ኦራንጊ ሲመጡ ከአንድ ባንክ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጥቂት ገንዘብ ተሰጥቷቸው ነበር። ገንዘቡን ግን ለማደል አልቸኰሉም፤ መዠመሪያ ወራቱን ያሳለፉት በየመንገዱ እየዞሩ ሰውን በመጠየቅና በመስማት ነው።

ሰምተውም ሕዝቡ ቦይ እንዳይሠራ የሚከለክሉት አራት ነገሮች መኾናቸውን ተረዱ። የመዠመሪያው ነገር የአሳብ ነው፤ ሰው ሁሉ ይህን በነጻ ሊሠራልን የሚገባው መንግሥት ነው ብሎ ይጠብቃል። ሁለተኛው የገንዘብ ነው፤ በተለመደው አሠራር የሚጠየቀው ዋጋ ከድኻ ዐቅም በላይ ነው። ሦስተኛው የዕውቀት ነው፤ ቦይ በምን ያህል ጥልቀትና ዘቅዛቃነት እንደሚቀበር የሚያውቅ የለም። አራተኛው የኅብረት ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን በደጁ ቦይ ቢቈፍር ጎረቤቱ ካልቈፈረ ውሃው የትም አይደርስም።

መፍትሔውም በነዚሁ በአራቱ ልክ ኾነ። ከሃያ እስከ ሠላሳ የሚኾኑ ቤቶች በአንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ይገኛሉ። የነዚህ ቤቶች ባለቤቶች ተሰብስበው ከመካከላቸው አንድ የታመነ ሰው ይመርጣሉ፤ እርሱም ከያንዳንዱ ቤት ገንዘብ ይሰበስባል፥ ዕቃ ይገዛል፥ ሥራውንም ይቈጣጠራል። የኻን ድርጅት ከሕዝቡ ገንዘብ አይቀበልም፥ ለሕዝቡም ገንዘብ አይሰጥም፤ የሚሰጠው መንገዱን ለክቶ ካርታና የዋጋ ግምት ማውጣት፥ መሣሪያ ማዋስና ለሠራተኞቹ ማሳየት ብቻ ነው። መሐንዲሶቹ የመጸዳጃውን ጕድጓድና የቦዩን መክፈቻ አሠራር አቃለሉት፤ ሲሚንቶው የሚፈስበትን የብረት ቅርጽ ለሰፈሩ ሰዎች አዋሱ። የተቋራጩ ትርፍና በመካከል የሚጠፋው ገንዘብ ስለቀረ፥ በመዠመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ቤት መጸዳጃውንና በደጁ የሚያልፈውን ቦይ ለማሠራት ያወጣው ወደ 1000 ሩፒ ገደማ ብቻ ነበር። ይህም ማዘጋጃ ቤቱ በተቋራጭ ቢያሠራው ይጠይቅ ከነበረው በብዙ እጅ ያነሰ ነው። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፥ አንዱን ሰው የሚሰብረው ወጪ በመንገዱ ሰዎች ሲከፋፈል ቀላል ኾነ። አንዱ መንገድ ሲደርቅ ያየው ሁለተኛው መንገድ ተነሣ፤ እንዲህ እየተባለ በኦራንጊ ብቻ ከ90000 የሚበልጡ ቤቶች በገዛ ገንዘባቸው ቦይ አገኙ።

እንግዲህ ታላላቆቹ መሥሪያ ቤቶች ይህን ሥራ እንዴት ተቀበሉት? የነገሩ ቍም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

መዠመሪያ የመጣው ከውጭ አገር ነው። ሥራው ከተዠመረ ከሁለት ዓመት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ጕዳይ መሥሪያ ቤት ለኦራንጊ አማካሪ ላከ። አማካሪው እንደ ሥርዐቱ መዠመሪያ ጥናት፥ ከዚያ ፕላን፥ ከዚያም የጊዜ ሠሌዳ እንዲወጣ ፈለጉ፤ ኻን ግን ሕዝቡ ሲነሣ ተከትሎ መርዳት እንጂ ሕዝቡን በሠሌዳ መንዳት አይቻልም አሉ። ሁለቱ ስላልተስማሙ ሥራው ተከፈለ። በኋላ ዘመን በብዙ አገር የተወሳውና ሌሎች የቀዱት ሕዝቡን የተከተለው ክፍል ነው። ይህን የምንለው የአማካሪን ዕውቀት ለመናቅ አይደለም፤ ዕውቀት ከሰሚው ፍላጎት አስቀድሞ ሲመጣ ፍሬ ማጣቱን ለማመልከት ነው።

ሁለተኛው የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። ሕዝቡ የሠራው ቦይ ሁሉ በመጨረሻው ወደ ተፈጥሮ ወራጅ ይወርዳል፤ ወራጁን መሸፈንና ወደ ማጣሪያ ማድረስ ግን የመንደር ሰው የሚችለው ሥራ አይደለም፥ የመንግሥት ፈንታ ነው። ነገር ግን የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲሶች ፕላን ሲያወጡ ሕዝቡ የሠራው በካርታቸው ላይ አልነበረም። ካርታው ባዶ ስለኾነ ሰፈሩም ቦይ የሌለው መሰላቸው፤ በዚህም ምክንያት ቦይ ባለበት ላይ ሌላ ቦይ ለመሥራት የሚታሰብበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የኻን ድርጅት የሰፈሩን ወጣቶች አስተምሮ እያንዳንዱን መንገድ፥ እያንዳንዱን ቦይና ወራጅ አስለክቶ በካርታ ላይ አስቀመጠ። ይህን ሥራ ለብዙ ዓመታት የመራችው ፐርዊን ራህማን የምትባል የሕንፃ መሐንዲስ ናት። ካርታ ዝም ያለ ወረቀት ይመስላል፤ ነገር ግን መሬት በማን እጅ እንዳለ፥ ውሃም ወዴት እንደሚሰረቅ ስለሚገልጥ ጠላት አያጣም። ፐርዊን ራህማን በመጋቢት ወር 2013 ዓመት ወደ ቤቷ ስትመለስ በጥይት ተገደለች።

ሦስተኛው የብድር ጕዳይ ነው። በካራቺ በኮራንጊ ወረዳ የፍሳሽ ማስወገጃ ለማሠራት በእስያ የልማት ባንክ ብድር አንድ ትልቅ ፕላን ተሰናድቶ ነበር፤ ዋጋው ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ሲኾን ከዚህ 70 ሚሊዮኑ ብድር ነው። የኦራንጊው ድርጅትና ባልደረቦቹ ፕላኑን መርምረው በወረዳው ያሉት ቦዮች እንዳልተቈጠሩ አሳዩ፤ ያሉት ቢያያዙና ወራጆቹ ቢስተካከሉ ሥራው እጅግ ባነሰ ገንዘብ እንደሚፈጸም አስረዱ። የሲንድ አውራጃ አገረ ገዢም ክርክሩን ሰምተው በ1999 ዓመት ብድሩ እንዲቀር አደረጉ። እኒህ ሹም የተማከረ ነገር መሻር ክብሬን ይነካል ሳይሉ፥ ከድኻ ሰፈር የመጣውን ካርታ ከባንኩ ፕላን ጋራ አስተያይተው ፈረዱ። አክታር ሐሚድ ኻንም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዐረፉ።

ከዚህ በኋላ የፓኪስታን መንግሥት በ2006 ዓመት ባወጣው የንጽሕና አጠባበቅ መመሪያ የፈንታ ክፍያውን ተቀበለው። ይኸውም የቤቱ፥ የጠባቡ መንገድና የሰፈሩ ቦይ የሕዝቡ፥ ትልቁ ቦይና ማጣሪያው የመንግሥት እንዲኾን ነው። በኦራንጊ መንገድ ላይ በአፍ የተዠመረ አሳብ ሃያ ስድስት ዓመት ቈይቶ የመንግሥት ሕግ ቃል ኾነ ማለት ነው።

ነገር ግን ምስጋናው እውነቱን እንዳይሸፍነው ያስፈልጋል። ሕዝቡ ፈንታውን ሲፈጽም መንግሥት በፈንታው ዘግይቷል። ከየቤቱ የተወገደው ቈሻሻ በወራጆቹ በኩል ወደ ልያሪ ወንዝ፥ ከዚያም አብዛኛው ሳይጣራ ወደ ባሕር መፍሰሱ አልቀረም። እንግዲህ የሕዝብን ትጋት የሚያወድስ ሹም፥ ሕዝቡ ራሱ ይሠራዋል ብሎ የራሱን ሥራ ለመተው ምክንያት ቢያደርገው ትልቅ በደል ነው። ድኻው ደጁን ሲያጸዳ መንግሥት ወንዙን ካላጸዳ፥ ቈሻሻው ከአንዱ ድኻ ደጅ ወደ ሌላው ድኻ ደጅ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

መሥሪያ ቤቶች የሕዝብን ሥራ ለማየት የሚቸገሩት ስለ ክፋት ብቻ አይደለም። መሥሪያ ቤት የሚመዘነው ባወጣው ገንዘብ፥ ባንክ የሚመዘነው ባበደረው፥ መሐንዲስም የሚመሰገነው አዲስ ባሠራው ነው፤ ቀድሞ ያለውን ቈጥሮ ያዳነውን ገንዘብ የሚያመሰግንለት መዝገብ የለም። ስለዚህ የልቡናው ቅንነት ብቻ አይበቃም፤ መዝገቡ ራሱ መለወጥ አለበት። አንድ ሹም ለአዲስ ሥራ ገንዘብ ሲጠይቅ፥ በስፍራው ሕዝቡ የሠራው ምን እንዳለ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ግዴታ ቢኾን፥ ብዙ ገንዘብና ብዙ ቅሬታ በዳነ ነበር።

ይህ አሳብ ለኛ እንግዳ አይደለም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ባሠራ ጊዜ ብዙዎቹ በየቤታቸው አንጻር ያለውን ክፍል እንደ ሠሩ፥ ለበሮቹ የሚኾነው እንጨት ግን በንጉሡ ደብዳቤ ከንጉሡ ደን እንደ ተሰጠ መጻሕፍትን የሚመረምሩ ካህናት ያውቃሉ። ነህምያ አስቀድሞ ያደረገውም በሌሊት ቅጥሩን ዞሮ መመልከት ነው፤ የፈረሰውንና የቆመውን ሳይለይ ሥራ አላዘዘም። በአገራችንም ሕዝቡ በደቦና በወንፈል ያርሳል፥ በእድር ይቀብራል፥ በሰበካው ቤተ ክርስቲያን ያንጻል። ገንዘብ አዋጥቶ ትምህርት ቤት የሚሠራ፥ ምንጭ የሚያጐለብት፥ መንገድ የሚጠርግ ማኅበረ ሰብ በየአውራጃው አለ። ይህ ሕዝብ ከመሥሪያ ቤት ደጅ ሲደርስ የሚሻው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሠራውን የሚያይለት ዐይን፥ የጐደለውን የሚነግረው ዐዋቂ፥ ከርሱ ዐቅም በላይ የኾነውን የሚረከበው ሹም ይሻል።

ስለዚህ በሹመት ላይ ላሉት ሦስት ነገር እናሳስባለን። ፕላን ሳይወጣ አስቀድሞ በእግር ኼዶ ማየትና ሕዝቡ የሠራውን በካርታ ላይ መጻፍ ይገባል። የሕዝቡ ፈንታ ከየት እስከ የት፥ የመንግሥት ፈንታ ከየት እስከ የት መኾኑ በግልጥ መታወቅ አለበት። ሕዝቡ ፈንታውን በፈጸመ ጊዜም መሥሪያ ቤቱ በፈንታው መዘግየት የለበትም። ካህናትም ሕዝቡን በመሰብሰብና የታመነ ሰው በማስመረጥ ከማንም ይልቅ ሊረዱ ይችላሉ፤ በሰበካቸው የማን ደጅ እንደ ረጠበ፥ የማን ልጅ እንደ ታመመ አስቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።