ሐይቁ ንጹሕ ነው፤ ዳርቻውስ?

ስለ ንጋት ሐይቅ ዓሣ የምንሰማው ዜና ሁልጊዜ በቶን ነው። ይህን ያህል ቶን ተመረተ፣ ይህን ያህል ወጣት በማኅበር ተደራጀ፣ ይህን ያህል ጀልባ ውኃ ላይ ወረደ። ደግ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የታላቁ የህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ስለ መብራት እንጂ ስለ ዓሣ ያሰበ ሰው ብዙም አልነበረም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ ግን ከበስተጀርባው 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚይዝ፣ ሲሞላ ከ1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ተኝቶ ነበር። አባያን ያስንቃል።

እኔ ግን ከቶኑ ቀጥሎ አንድ ሌላ ቁጥር ቢነገረኝ ደስ ይለኛል። በዚያ ሁሉ የሐይቅ ዳርቻ፣ ዓሣ በሚወርድበት ቦታ ሁሉ፣ ስንት ሽንት ቤት አለ?

ጥያቄው የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን የዓሣ ነገር ከሽንት ቤት ነገር ተለይቶ አያውቅም። ዓሣ ደመ ቀዝቃዛ እንስሳ ነው። ኢ-ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ቤቱ የሰውና የሌሎች ደመ ሙቅ እንስሳት አንጀት ነው። ስለዚህ ዓሣ ሆድ ውስጥ ኢ-ኮላይ ሲገኝ ዓሣው ከራሱ አላመጣውም፤ የዋኘበት ውኃ ዓይነ ምድር ገብቶበታል ማለት ነው። ዓሣው ምስክር እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። ደግሞም አይታመምም፤ ዓይኑ እንደጠራ፣ ቅርፊቱ እንዳብረቀረቀ ገበያ ይወጣል። ገዢው አገላብጦ ያያል፣ ያሸታል፣ «ትኩስ ነው» ብሎ ይገዛል። ትኩስነቱ እውነት ነው፤ ስለ ንጽሕናው ግን የሚነግረው ነገር የለም።

ጤነኛ ዓሣ በሕይወት ሳለ ሥጋው ከባክቴሪያ የጸዳ ነው ማለት ይቻላል። ባክቴሪያው ያለው ልጋጉ ላይ፣ የሚተነፍስበት ስንጥብ ላይና አንጀቱ ውስጥ ነው። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለው ተረታችን ስንጥቡን ከቆጠርን ግማሽ እውነት አለው፤ ሌላው ግማሽ ሆዱ ነው። ከሆድ ወደ ሥጋ የሚያሻግረው ብዙውን ጊዜ ቢላዋ ነው። ውኃው ከመጠን በላይ ሲቆሽሽ ግን ቢላዋም አያስፈልገውም። በፍሳሽ ውኃ ዓሣ ያረቡ ተመራማሪዎች እንደደረሱበት፣ የባክቴሪያው ብዛት ከአንድ ደረጃ ሲያልፍ የዓሣው መከላከያ ይረታና ተሕዋሲው ሥጋው ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ከደረሰ ዓሣውን በንጹሕ ውኃ ውስጥ ማቆየትም በቀላሉ አያወጣውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ለዓሣ ኩሬ ውኃ በ100 ሚሊ ሊትር 1,000 የዓይነ ምድር ኮሊፎርም የሚል ወሰን ያስቀመጠው ይህንኑ አስቦ ነው።

እንግዲህ ወደ ንጋት ሐይቅ ፍሳሽ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠቁመው ወደ ላይ ነው። አባይ ከጣና እንደወጣ ባሕር ዳርን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የከተማው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽ በወንዙ ራስ ላይ ስላደረሰው ጉዳት ከአንድም ሁለት ጥናት ተጽፏል። የጣና ውኃ ደግሞ ጉባ የሚደርሰው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ውኃው በዋሻ ተጠልፎ፣ ተርባይን ዘውሮ፣ በበለስ ወንዝ በኩልም ይወርዳል።

ቢሆንም ባሕር ዳር ላይ የፈሰሰ ኢ-ኮላይ ጉባ ይደርሳል ብዬ እንቅልፍ አላጣም። የአንጀት ባክቴሪያ ከአንጀት ውጭ ዕድሜው አጭር ነው። ፀሐይ ትገድለዋለች፣ ውኃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ይበሉታል፣ በዚያ ሁሉ በረሓማ ሸለቆ ሲንከባለል ያልቃል። ርቀት ራሱ ማጣሪያ ነው። ማዳበሪያና ደለል፣ እንዲሁም የእንቦጭ ዘር፣ የሌላ ቀን ጉዳይ ናቸው፤ እነሱ ርቀት አይበግራቸውም።

እኔን የሚያሰጋኝ ቅርቡ ነው። በሐይቁ ዳር ድንኳን ተክሎ ሳምንታት የሚያድር አስጋሪ፣ ጀልባ ላይ የሚውል ልጅ፣ ዓሣ ለመግዛት መኪና ይዞ የመጣ ነጋዴ፣ ለነዚህ ሁሉ ሻይና እንጀራ የምትሸጥ እናት። እነዚህ ሰዎች የት ይጸዳዳሉ? ዝናቡ ሲመጣ ያ ሁሉ የት ይሄዳል? የጉባ ክረምት ደግሞ እንደ ደጋው ጭፍጋግ አይደለም፤ ደረቁን መሬት በአንድ ቀን ጎርፍ አጥቦ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። ከቆላው ዳርቻ መቶ ሜትር ገባ ብሎ መረብ ላይ ያለ ቆሮሶ ዓሣ የሚያገኘው ይህን ውኃ ነው፤ የባሕር ዳሩን አይደለም።

ጠዋት ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሄደ ሰው የምለውን በዓይኑ አይቶታል። ጀልባ ይጠጋል፣ መረቡ ይፈታል፣ ልጆቹ ቅርፊት ያራግፋሉ። እጃቸው መፍጠኑ! አንዱ ቆሮሶውን በጅራቱ ይዞ ሆዱን ይቀደዋል፣ አንጀቱን ለወፉ ለአባ ኮዳ ይወረውራል፣ በዚያው ቢላዋ ፊሌቶውን ያነሣል፣ ባልዲ ውስጥ ከሐይቁ በተቀዳ ውኃ አንዴ ለቅለቅ ያደርገዋል። ቀጣዩም ዓሣ በዚያው ቢላዋ፣ በዚያው ጣውላ፣ በዚያው ባልዲ። አባ ኮዳውም ቢሆን ደመ ሙቅ መሆኑን አትርሱ፤ ከጣውላው አጠገብ የሚጥለው ኩስ ከሰው የማይተናነስ ባክቴሪያ ያዘለ ነው። ከዚያ ፊሌቶው ሎሚ ይጨመቅበትና በአዋዜ ጥሬውን ይበላል። ለመብላት ከአዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ አለ። ሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከተማው የሚለቅበት ሁሉ፣ የሆስፒታሉንም የፋብሪካውንም ጨምሮ፣ እዚያው ይቀራል። የሆስፒታል ፍሳሽ ሲሆን ነገሩ ይከፋል፤ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ይዞ ይመጣና መልመዱን ውኃ ውስጥ ላሉት፣ እንደ ኤሮሞናስ ላሉ ባክቴሪያዎች ያስተምራል።

ሎሚ ባክቴሪያን ሁሉ ይገድላል የሚል እምነት ያለው ሰው የፔሩን ታሪክ ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1991 በወደብ ከተሞቿ ኮሌራ ገባ። የከተሞቹ ፍሳሽ ሳይጣራ ባሕር ይገባ ነበር፤ ሕዝቡ ደግሞ በሎሚ የታሸ ጥሬ ዓሣ ወዳጅ ነው። ፕሬዚዳንት አልቤርቶ ፉጂሞሪ የዓሣ ገበያው እንዳይሞት ብለው ቴሌቪዥን ፊት ጥሬ ዓሣ በሉ። ሕዝቡ ጥሬ ዓሣ እንዳይበላ ሲያስጠነቅቁ የነበሩት የጤና ሚኒስትሩ ብዙም ሳይቆዩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በሽታው ግን ቴሌቪዥን አያይም፤ በዚያ ዓመት በፔሩ ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ታመመ።

ለንጋት ሐይቅ ግን ከፔሩ ይልቅ የጎረቤቶቻችን ታሪክ ይበልጥ ይቀርባል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ናይል ፐርች እያወጡ ለአውሮፓ ሲሸጡ ጥሩ ገንዘብ ያገኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ስፔንና ጣልያን ዓሣው ላይ ሳልሞኔላ አገኘን ብለው በር ዘጉ። ያ ሳይበርድ ኮሌራ ገባና የአውሮፓ ኅብረት እገዳ ተከተለ፤ በ1999 ደግሞ በመርዝ የተጠመደ ዓሣ አለ ተብሎ ሌላ እገዳ መጣ። ዓሣ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎቹ ነጭ ሸክላ የለበሱ፣ ሠራተኛው ነጭ ካባ የደረበ ነበሩ። ጣጣው የነበረው ዓሣው ከጀልባ በሚወርድበት ዳርቻ ነው። ሽንት ቤት የለም፣ ንጹሕ ውኃ የለም፣ በረዶ የለም፤ ዓሣው አሸዋ ላይ ይዘረገፋል። ሦስቱ ሀገሮች ገበያውን የመለሱት ማራገፊያዎቹን አጥረው፣ ወለሉን ሲሚንቶ አድርገው፣ ቧንቧና ሽንት ቤት ሠርተው፣ የሚመረምር ላቦራቶሪ አቁመው ነው። ገበያ ከጠፋ በኋላ የተሠራ ሽንት ቤት ዋጋው እጥፍ ድርብ ነው።

እኛስ በራሳችን ግድቦች ምን አደረግን? አቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አባ ሳሙኤል የሀገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነበር። አዲስ አበባ ፍሳሿን ለቀቀችበትና ደለልና እንቦጭ የሞላው የከተማ ጉድፍ ማጠራቀሚያ ሆነ፤ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ እንደገና ማመንጨት ጀመረ፤ ውኃው ግን ያው የአቃቂ ውኃ ነው። ያም ውኃ አዋሽን ይዞ ቆቃ ይገባል። ሞጆ ወንዝም የቆዳ ፋብሪካዎቹን ፍሳሽ ይዞ እዚያው ይቀላቀላል። የቆቃ ውኃ አረንጓዴ ቀለም ሲያወጣ የዓለም ቴሌቪዥን ሳይቀር ዘግቦታል። የቆቃ ዓሣ ግን ከመንገድ ዳር ተንጠልጥሎ ይሸጣል፤ መኪናው ይቆማል፣ ይገዛል፣ ይሄዳል። ከአባ ሳሙኤል ጀምሮ የሠራናቸውን ሐይቆች አንድ በአንድ ስታዩ ግንባታው ላይ እንደምንጎብዝ፣ ከግንባታው በኋላ ያለው ግን የማንም እንዳልሆነ ትረዳላችሁ። ሕግ አጥተን አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 እና የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ሁለቱም በ1995 ዓ.ም. የወጡ ናቸው።

በነገራችን ላይ ሁሉም የባክቴሪያ ጣጣ ከፍሳሽ አይመጣም፤ አዲስ ሐይቅ የራሱ አለው። ጫካና ሣር ውኃ ሲውጠው ይበሰብሳል፤ አየር በሌለበት ጥልቅ ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በአፈሩ ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። ትንሹ ዓሣ ይበላዋል፣ ትልቁ ትንሹን ይበላል፣ መርዙ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ካናዳ ኩቤክ ውስጥ የላ ግራንድ ግድቦች ሲሞሉ የአዳኞቹ ዓሦች ሜርኩሪ ጨምሮ ለአሥርት ዓመታት ሳይወርድ ቆየ፤ በዓሣ የሚኖሩት የክሪ ሕዝቦች ምን ያህል መብላት እንዳለባቸው ምክር ተሰጣቸው። ኢ-ኮላይን እሳት ይገድለዋል፤ ሜቲል ሜርኩሪን እሳት አይነካውም። ሜርኩሪ ወርቅ ለመለየት በሚውልበት አካባቢ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት፤ ጉባ ያለችበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የወርቅ ሀገር መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ትልልቁን ዓሣ አልፎ አልፎ አስመርምሮ ውጤቱን ለጉሙዙና ለበርታው ዓሣ በሊታ መንገር ትልቅ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም።

ወደ ሽንት ቤቱ ልመለስ። ጉባ ቆላ ነው። በዚያ ሙቀት ኢ-ኮላይ የዓሣ ሥጋ ላይ ሲመቸው በየሃያ ደቂቃው እጥፍ ይሆናል፤ አንዱ በአሥር ሰዓት ውስጥ ከቢሊዮን ያልፋል። ከጉባ አሶሳ፣ ከጉባም ቻግኒና ባሕር ዳር ያለውን መንገድ አስቡት፤ ዓሣው ያለ በረዶ ከሄደ መንገዱ ራሱ ባክቴሪያ ማርቢያ ነው። በረዶ ደግሞ አይገድልም፤ ያዘገያል እንጂ። ያውም በረዶው ከሐይቅ ውኃ ከተሠራ የሚያዘገየውን ራሱ እያመጣ ነው። ስለዚህ አንድ ዓሣ ማውረጃ ሲታሰብ ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን እላለሁ፤ መጀመሪያ ከዳርቻው ራቅ ያለ ሽንት ቤት፣ ቀጥሎ የጉድጓድ ውኃ፣ ቀጥሎ ከዚያው ጉድጓድ የሚሠራ በረዶ፣ ከዚያ በኋላ ጀልባ። እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው ጀልባው ነው፤ ጀልባ ፎቶ ይወጣለታል።

ፍሳሽና ዓሣ ጨርሶ አይገናኙ የሚል አክራሪ አቋም የለኝም። ሕንድ ውስጥ የኮልካታ ከተማ ፍሳሿን በምሥራቅ በኩል ባሉት ኩሬዎች አሳርፋ፣ ፀሐይና አልጌ ካጸዱት በኋላ ዓሣ ታረባበታለች፤ ይህን ስትሠራ ብዙ አሥርት ዓመታት ሆኗታል። ልዩነቱ ኩሬው ላይ ነው። ፍሳሹ ቀናት ያርፋል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ነው ዓሣው ጋ የሚደርሰው። በንጋት ደሴቶች ላይ ይሠራሉ ስለሚባሉት ሎጆችና መዝናኛዎች ስንሰማ እኔ የምጠይቀው ስለ አልጋው ቁጥር ሳይሆን ኩሬው የት እንደሚቆፈር ነው።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ ሰበታም የዓሣ ምርምር ማዕከል አለን። የኢ-ኮላይ ምርመራ ደግሞ ብርቅ ጥበብ አይደለም፤ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ በወንፊት ወረቀት ታሳልፋላችሁ፣ 44 ዲግሪ ገደማ ላይ አንድ ሌሊት ታሳድሩታላችሁ፣ ጠዋት የበቀለውን ነጥብ ትቆጥራላችሁ። በወር አንድ ጊዜ ከእያንዳንዱ ማራገፊያ ውኃና ዓሣ ተወስዶ ቢታይ፣ ውጤቱም ከቶኑ ዜና ጎን ቢነገር ጋዜጠኛውም አንባቢውም ይለምደዋል። አሁን ሐይቁ ገና ንጹሕ በሆነበት ጊዜ የሚወጣው ቁጥር ዝቅተኛ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ ዋጋውም ዝቅ ማለቱ ላይ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ አንዱ ሎጅ «ሐይቁ ድሮም እንዲህ ነበር» ብሎ ሲከራከር መልስ የሚሰጠው ያ የምርመራ ውጤት ወረቀት ነው።