ስለ አውላላ ማን ይጠይቅ?

እ.ኤ.አ. በ2018 በዬል ዩኒቨርሲቲ አንዲት ጥቁር ተማሪ በምትኖርበት ሕንፃ የጋራ ሳሎን ውስጥ እንቅልፍ ስለጣላት ብቻ የግቢው ፖሊስ ተጠርቶባት መታወቂያ አውጪ ስትባል፣ እዚያው አሜሪካ ልጁን ኮሌጅ የላከ ሐበሻ ወላጅ ነገሩን ማንም እንዲያብራራለት አላስፈለገውም። ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ ስራው እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ በቆዳው ቀለም ምክንያት በቤዝቦል ዱላ ተቀጥቅጦ ሲገደልም ቤተሰቡ ገዳዮቹ ስለታሰሩ ብቻ ዝም አላለም፤ ከጀርባ ያነሳሷቸውን ፍርድ ቤት አቁሞ እ.ኤ.አ. በ1990 የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ አስፈረደባቸው። ተጠያቂነትን እስከ ምንጩ ድረስ መከተል የምናውቅበት ነገር ነው። የሚያንገበግበኝ፣ ይህን የምናውቅ ሰዎች ስለ ምዕራብ ጎንደር ቆላ አንድ ቃል አለመተንፈሳችን ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም በጦርነት ስትታመስ በገላባት በኩል መተማ የገቡ ሱዳናውያን በዚያው ቆላ ኩመርና አውላላ በተባሉ መጠለያዎች እንዲሰፍሩ ተደረገ። ትምህርታቸውን አቋርጠው የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ነበሩባቸው። እዚያ የጠበቃቸው ዝርፊያ፣ ድብደባ፣ ግድያና ለማስለቀቂያ ገንዘብ መታገት ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች ያነጋገራቸው ስደተኞች ታጣቂዎች በግድ ያሠሯቸው እንደነበርም ተናግረዋል። በሚያዝያ 2016 መገባደጃ ከሺህ የሚበልጡት አውላላን ጥለው በእግር ሲወጡ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቆማቸው፤ በጫካው ዳር ቅርንጫፍ ተክለው ፕላስቲክ ወጥረው ወራት ከረሙ። ኋላ ሁለቱ መጠለያዎች ተዘግተው ሰዎቹ ወደ አፍጢጥ ተዛወሩ። መጠለያ ስለተቀየረ ግን ጥፋት ፈጻሚው ተጠየቀ ማለት አይደለም።

በዚያ አካባቢ ገበሬውም፣ ሹፌሩም፣ የሰሊጥ ባለሀብቱም ይታገታል የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህማ የአማራ ክልሉ ጦርነት ተጨምሮበት ነገሩ ብሷል። ነገር ግን የታገተ ገበሬ መሬት ሸጦም ሆነ ዕቁብ ለምኖ የሚያስለቅቀው ዘመድ አለው። ሱዳናዊው ቋንቋውን አያውቅም፣ ዘመድ የለውም፣ መልኩና አነጋገሩ ከሩቅ ያጋልጡታል። መንግሥት በእጁ ተቀብሎ እዚህ ስፈር ያለው ሰው ደግሞ የመንግሥት አደራ ነው። የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎትም ሆነ ፖሊስ "አካባቢው አልተረጋጋም" ብሎ ከዚህ አደራ ሊወጣ አይችልም።

ኢትዮጵያና ሱዳን የሚወዛገቡበትን የድንበር መሬት አልፋሽጋን የሚያነሱም አሉ፤ የሱዳን ጦር በ2013 ዓ.ም. መሬቱን ሲይዝ ገበሬዎቻችን ከእርሻቸው ተፈናቅለዋልና ቂሙ መሠረት የለውም አልልም። ግን ከካርቱም ልጆቿን ይዛ የሸሸች እናት ያንን ጦር አላዘዘችም፤ እንዲያውም ከዚያው ጦርና ከባላንጣው እሳት ነው ያመለጠችው። ካርቱም ውስጥ በከሻ፣ ማለትም በፖሊስ አፈሳ፣ የተያዙ ወገኖቻችንም ሐበሻ በመሆናቸው ብቻ ከመንገድ ተለቅመው መጫን ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ያ በደል ለእኛ በደል ከነበረ፣ በአውላላ ሲፈጸም ስሙ የሚለወጥበት ምክንያት የለም።

ደግሞስ ዛሬ በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶና በሜልበርን ቤት ንብረት ካፈራነው መካከል ስንቱ ነው በደርግ ዘመን በዚሁ በመተማ በኩል ወጥቶ ገዳሪፍና ካርቱም የከረመው? ከሻውም ነበር፣ ግን ሳያውቀን ውሃና ኪስራ ያቀረበልን ጎረቤትም ነበር። ያንን ደግነት በየለቅሶ ቤቱ እያነሳን እናወራለን፣ ባለውለታዎቻችን ድንበራችን ላይ ሲዘረፉ ግን የሰማን አንመስልም። በ2012 የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታግተው በጠፉ ጊዜ አደባባይ ወጥተናል፣ ኤምባሲ ደጅ ቆመናል፤ ስለዚህ አቅም የለንም ማለት አያዋጣም። አሁንም ለዚያው ኤምባሲ፣ ለስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎትና ለአማራ ክልል መንግሥት ደብዳቤ ይጻፍ፦ አውላላንና ኩመርን እንዲጠብቅ የታዘዘው የትኛው ኃይል ነበር? አዛዡስ ማን ነበር? ስንት ሰው ተከሰሰ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት?