ድጎማውን የከፈለው ተሳፋሪው ነበር

ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ በኋላ ወር ሳይሞላ ኦሮሚያን ጨምሮ ክልሎች የአገር አቋራጭ ትራንስፖርትን አገዱ። መጋቢት 30 የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ ደግሞ የሕዝብ ማመላለሻዎች ከወንበራቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ታዘዙ፤ ማካካሻ እንዲሆንም ታሪፉ እስከ እጥፍ እንዲያድግ ተፈቀደ። ተራርቆ መቀመጡ ሕይወት ለማዳን ነበርና የምከራከረው ሒሳቡን ማን ከፈለ በሚለው ላይ ነው። ወንበሩ ባዶ የሆነው ለሁላችንም ጤና ሲባል ነው፤ ዋጋው ግን የተጻፈው አጠገቡ በተቀመጠው ሰው ላይ ብቻ ነበር። ያ ድጎማ ካልሆነ ምን ይባላል? ከበጀት ሳይሆን ከድሃ ኪስ የወጣ ድጎማ ነው።

ነገሩ በአዲስ አበባና በኦሮሚያዋ ጌዶ እኩል አይመዘንም። አዲስ አበባ በመንግሥት ገንዘብ የሚደጎሙ አንበሳና ሸገር አውቶቡሶች አሏት። ከአምቦ በጉደር አድርጎ ጌዶ፣ ከዚያም ወደ ነቀምት የሚዘልቀው መስመር ግን በግል ባለንብረቶች እጅ ነው፤ ከጌዶ ተገንጥሎ ወደ ፊንጫና ሻምቡ የሚሄደውም እንዲሁ። እዚህ አውቶቡሱ ሲቆም ወደ አምቦ ሆስፒታል የተላከ በሽተኛና ምርቱን ገበያ የሚያደርስ ገበሬ ሌላ አማራጭ የላቸውም። የግል ንብረት ቢሆንም የሚሰጠው አገልግሎት የሕዝብ ነው። መኪናው ቆሞም የባንክ ብድሩና ኢንሹራንሱ አይቆሙም፤ በቀን ውሎው የሚያድረው ረዳት ደግሞ መኪናው ባልወጣበት ቀን ባዶ እጁን ይገባል።

መንግሥት ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር ማለት አይቻልም። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቅርቧል፤ የቆየ የግብር ዕዳ ተሰርዟል፤ ሥራ ቆሞባቸውም ደመወዝ መክፈላቸውን ላላቋረጡ ድርጅቶች የ4 ወር የሠራተኛ የገቢ ግብር ቀርቷል። ይህ ሁሉ የደመወዝ መዝገብና የተስተካከለ ሒሳብ ላለው ድርጅት ይጠቅማል። አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ይዞ በማኅበር የሚሠራ ባለንብረትና መዝገብ ላይ ስሙ የሌለ ረዳት ግን ከዚህ ብዙ አያገኙም።

«ከታሪፍ በላይ የሚያስከፍልን፣ ትርፍ የሚጭንን ባለንብረት መንግሥት ለምን ይደግፋል?» የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው፤ እኔም ለባለንብረት ጥሬ ገንዘብ ይታደል አልልም። ደቡብ አፍሪካ ሰኔ 2012 ላይ ለሚኒባስ ታክሲዎች 1.135 ቢሊዮን ራንድ መድባ ነበር፤ ገንዘቡ በምዝገባና በግብር ቅድመ ሁኔታዎች የታጠረ ስለነበር፣ መጠኑም ስላነሰ፣ የዘርፉ ማኅበራት ተቃወሙት። ብሪታንያ በበኩሏ ድጋፉን አውቶቡሶቹ አገልግሎት ከመስጠታቸው ጋር አያያዘችው። ለእኛ የሚበጀው ሁለተኛው ነው፤ ምልልሱን መግዛት። ግማሽ ጭኖ በመደበኛው ታሪፍ ለሄደ አውቶቡስ መንግሥት የባዶውን ወንበር ዋጋ ይከፍላል፤ ትርፍ የጫነ ወይም ያልተመላለሰ ምንም አያገኝም።

የሐሰት ምልልስ ይመዘገባል የሚለው ስጋት ከባድ ነው። ሆኖም መኪና ከመናኸሪያ የሚወጣው በስምሪት ነው፤ የአምቦው መውጫ ከጌዶው መግቢያ ጋር ከተመሳከረ የማጭበርበሩ ዕድል ይጠባል። ክፍያውም ቢሆን ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የታለመው የነዳጅ ድጎማ ለሕዝብ ማመላለሻዎች በቴሌብር ሲሰጥ ታይቷል፤ በ2012 ይህ መንገድ አልነበረም፣ ዛሬ አለ። የነዳጁ ድጎማ ጉድለቱ የሚቆጥረው ሊትርን መሆኑ ነበር። በርካሽ የተቀዳ ናፍጣ ተሳፋሪ ሳያደርስ ሊሸጥ ይችላል፤ ጌዶ የደረሰ ሰው ግን ተመልሶ አይሸጥም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ ወጪው በ2012ም ነበረ፤ የሚለየው ከፋዩ ብቻ ነው። ስለዚህ የኦሮሚያ ክልል ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሌላ ወረርሽኝ ሳይመጣ ከማኅበራቱ ጋር ውል ይፈራረም። በየመስመሩ በቀን ሊቀር የማይገባው ምልልስ ስንት እንደሆነ፣ የባዶ ወንበር ዋጋ እንዴት እንደሚሰላ፣ ከክፍያውም ለሹፌሩና ለረዳቱ በቀጥታ የሚደርሰው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ በውሉ ይስፈር።