አውድማው ከተጠረገ በኋላ ጓዳውም ይታሰብ

ጥር የአርሶ አደሩ ቤት ሙሉ የሚሆንበት ወር ነው። ጤፉ ተወቅቷል፤ ስንዴና ገብሱ ጎተራ ገብቷል፤ በበቆሎ አብቃይ ወረዳዎቻችን ፍልፈላው ገና ባያልቅም ክምሩ ከሩቅ ይታያል። በየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚጠናቀረው ሪፖርትም በዚህ ሰሞን ያምራል። በዘር የተሸፈነው መሬት በሄክታር፣ የተሰበሰበው ምርት በኩንታል ተቀምጦ፣ ካምናው ጋር ተነጻጽሮ ወደ ዞንና ወደ ክልል ይላካል። እህሉ ከአውድማ ተነስቶ ቤት ከገባ በኋላ የሚሄድበት መንገድ ግን በሪፖርቱ ውስጥ ዓምድ የለውም።

ዓምድ የሌለው ነገር ደግሞ ጠያቂ አይኖረውም። በጥር እህል ጭኖ ወደ ገበያ የወጣው ቤተሰብ በሐምሌ ባዶ ከረጢት ይዞ ወደዚያው ገበያ ሲወጣ ማየት ለማናችንም አዲስ አይደለም። ሲሸጥ ሁሉም ይሸጥ ስለነበር ዋጋው ወርዶ ነበር፤ ሲገዛ ሁሉም ስለሚገዛ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ይህ የሆነው ምርቱ አንሶ ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር አይወጣም ነበር። ሆኖም ደህና ባመረተ ቤትም ይኸው ይታያል። ከፊሉን ነቀዝና አይጥ በልቶታል፤ ከፊሉ ሻግቷል፤ ከፊሉ ለድግስ ወጥቷል፤ ከፊሉ ያለ ልክ ተሸጧል፤ ቀሪው ከመሶብና ከጓዳ በጥቂት በጥቂቱ ተጥሏል።

እኛ ጋዜጠኞችም ከዚህ ወቀሳ አናመልጥም። ፎቶግራፋችን ሁልጊዜ ክምሩ ላይ ነው፤ ጥያቄያችንም «ዘንድሮ ስንት ኩንታል አገኙ?» የሚል ነው። በነሐሴ ተመልሶ «ጎተራው ምን ያህል ቀረው?» ብሎ የጠየቀ ዘጋቢ በዚህ ገጽ ላይ እምብዛም አልታየም።

ሂሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለአንድ ሰው በወር ሲታሰብ የቆየው እህል 15 ኪሎ ግራም ነው። ስድስት አባላት ላሉት ቤተሰብ ሲባዛ በወር 90 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ከአንድ ኩንታል 10 ኪሎ ብቻ ያነሰ ማለት ነው። ያቺን 10 ኪሎ ለእንግዳ፣ ለበዓልና ለደቦ ብንተዋት፣ ይህ ቤተሰብ ከጥር እስከ ታኅሣሥ ለመድረስ ለምግብ ብቻ 12 ኩንታል ያስፈልገዋል። ዘር ከዚህ ውጭ ነው፤ ለብቻው መቀመጥ፣ እንዲያውም ከዓይን ራቅ ማለት አለበት። በሰኔ ሲቸግር መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነውና።

ቤተሰቡ ያገኘው 8 ኩንታል ብቻ ቢሆንስ? እንግዲያው አራት ወር እንደሚጎድለው የሚያውቀው በጥር ነው፤ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ጉድለቱን በጥር ያወቀ ሰው ብዙ ምርጫ አለው። በጓሮው ጎመንና ድንች ያስባል፤ ሙክቱን ዋጋ በሚያወጣበት በፋሲካ ገበያ ለመሸጥ ያደልባል፤ የድግሱን ልክ ይቀንሳል። ያንኑ ጉድለት በነሐሴ ያወቀ ሰው የቀረው ምርጫ አራጣ መበደር ወይም ያልደረሰ ሰብሉን በመሬቱ ላይ እንዳለ መሸጥ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀላል ልማድ ቢጀመር እንላለን። የአንድ ወር ቀለብ አንድ ከረጢት ይሁን፤ በከረጢቱም ላይ የወሩ ስም በከሰል ይጻፍበት። የሚያዝያው ከረጢት በመጋቢት አጋማሽ ከተከፈተ ቤተሰቡ ያለ ምንም ሰባኪ አንድ ነገር ያውቃል። ይህ ለባላገሩ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አያት ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ለእንጀራ የሚቦካውን ዱቄት በቁና ከለኩ በኋላ አንድ ጭብጥ አንስተው ወደ ቋቱ ሳይመልሱ አይነሱም ነበር። በልጅነታችን እንስቅባቸው ነበር። የዚያ ጭብጥ ዋጋ የገባን እኛው ገበያ መውጣት ስንጀምር ነው።

ምን ቀድሞ ይበላ የሚለውም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ደርቆ ከገባ ለዓመታት ይቀመጣል። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ባቄላና ሽምብራ ግን እንዲህ አይደሉም። ብዙ ቤት የሚደረገው ተገላቢጦሽ ነው፤ ጤፉ ዋጋ ያወጣል ተብሎ በጥር ይሸጥና በቆሎው ለክረምት ይቀመጣል፤ ክረምት ሲደርስ በቆሎው ወንፊት ሆኖ ይገኛል። ሁሉም ጤፉን ያስቀምጥ ማለታችን አይደለም፤ ገንዘብም ያስፈልጋል። ነገር ግን ሊበላሽ የሚችለው ይቅደም፣ የሚቆየው ይቆይ የሚለውን ስሌት ባልና ሚስት ተቀምጠው ቢነጋገሩበት አይጎዳም።

ነቀዙን በቅርብ ማወቅ ያስፈልጋል። ሴቷ የበቆሎውን ፍሬ ትቦረቡርና እንቁላሏን በውስጡ አስቀምጣ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። እጩ ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ጎልምሶ በስቶ ሲወጣ ነው እኛ ቀዳዳውን የምናየው። በሞቃት ቦታ ይህ ሁሉ በአንድ ወር ገደማ ያልቃል፤ የወጣውም በተራው ይፈለፍላል። በጥር «ጥቂት ናት» ተብላ የታለፈችው ነቀዝ በግንቦት ጎተራ ሙሉ የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌ እህል የነበረበትን ጎተራ፣ ጎታ ወይም ድብኝት ጥግ ጥጉን ሳይጠርጉ አዲሱን መገልበጥ ደግሞ ለነቀዙ ቀለብ እንደማድረስ ይቆጠራል። የተጠረገው ይቃጠል፤ ስንጥቁ ይለቅለቅ፤ ያምናው ትራፊ ከዘንድሮው ጋር አይቀላቀል።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው። በቆሎ ወደ ማከማቻ ሲገባ የእርጥበት መጠኑ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመከራል። መለኪያ መሣሪያው በየቤቱ የለም፤ ጨውና ጠርሙስ ግን አለ። በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ሲሶ ያህል እህልና ጥቂት የደረቀ ጨው ጨምሮ ደህና አድርጎ መናጥ፣ ከዚያም ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ነው። ጨው ከጠርሙሱ ጎን ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው። ባይጣበቅም አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ቢጨመርለት ይሻላል፤ ይህ ዘዴ ብዙውን እርጥበት እንጂ ጥቂቱን አይለይምና። ማስጫውም ባዶ መሬት ሳይሆን ሸራ ወይም ሰሌን ይሁን። እርጥብ ሆኖ የገባ እህል ይሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ በመጋገርም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም። የሻገተውን መርጦ መጣል ንፍገት ለለመደ ቤት ይከብድ ይሆናል፤ ቁጠባ ማለት ግን የተበላሸ መብላት አይደለም። ለላም መስጠትም መፍትሔ አይሆንም፤ መርዙ በወተቷ በኩል ወደ ልጆች ይመለሳል።

ፒክስ እየተባለ የሚጠራውን ከረጢት ብዙዎች አይተውታል። ከውስጥ ሁለት ፕላስቲክ፣ ከውጭ አንድ የተሸመነ ማዳበሪያ መሳይ ከረጢት አለው። የደረቀው እህል ይሞላና አየሩ ተጨምቆ ከወጣ በኋላ ሦስቱም ለየብቻ ይታሰራሉ። በውስጡ የቀረች ነቀዝ አየር አጥታ ትሞታለች፤ መድኃኒት አያስፈልግም። ከረጢቱ በተከፈተ ቁጥር ግን አየር ይገባል። አንድ ወር አንድ ከረጢት ያልነው እዚህም ላይ ይጠቅማል፤ የዚህ ወሩ ሲከፈት የሌሎቹ እንደታሸጉ ይቆያሉ። ከግድግዳ ራቅ አድርጎ በእንጨት ላይ ማስቀመጥና ከአይጥ መጠበቅ የግድ ነው፤ አንዴ ከተበሳ እንደማንኛውም ከረጢት ነው።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ለመጋዘን የሚሆነውን የጋዝ እንክብል ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በእህል መካከል ጣል አድርጎ ማደር አደገኛ ነው። የሚወጣው ጋዝ ነቀዝን ከሰው አይለይም። ሱቅ ላይ እንደ ከረሜላ በፍሬ ሲሸጥ ማየት የተለመደ መሆኑን የወረዳ ኃላፊዎች ያውቃሉ፤ የሚያውቁትን ያህል ግን አልተቆጣጠሩም።

ከጎተራው ወደ ጓዳው እንግባ። ባልትና የምንለው ሙያ ግማሹ ማጣፈጥ ከሆነ ግማሹ ማብቃቃት ነው። የተረፈ እንጀራ በሁለተኛው ቀን ፍርፍር ይሆናል። ከዚያ የሚተርፍ ከሆነ ሳይሻግት ተቆራርሶ በፀሐይ ይሰጣና ድርቆሽ ይሆናል፤ በደረቅ ከረጢት ለሳምንታት ይቀመጣል። ድርቆሽ የድሃ ምግብ ነው የሚል ካለ፣ ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ምን እንደሚላክ ይጠይቅ። ገብሱ በሶና ቆሎ፣ ሥጋው ቋንጣ፣ በጾም ወራት የሚከማቸው ወተት ቅቤ ሆኖ ተነጥሮ ለፋሲካና ለክረምት ይቆያል። የጠላው አተላ ለሚደልበው በሬ ነው። በፎገራ አካባቢ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ መሆኑም ከዚሁ ብልሃት የመጣ ነው። ችግሩ ይህ እውቀት በእናቶች እጅ ያለ፣ በማንም ያልተመዘገበ፣ ወጣት ሙሽሮች ደግሞ እየረሱት ያሉ መሆኑ ነው።

በየቀበሌው የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ተመድቧል። የጓዳው ባለሙያ ማን ነው? ስለ ድኅረ ምርት ብክነት ሥልጠና ሲዘጋጅ የሚጠራው አባወራው ነው፤ አበሉን ተቀብሎ፣ ሰምቶ ይመለሳል። የጎተራውን አፍ በየቀኑ የምትከፍተው ግን እማወራዋ ናት። ከሰማው ውስጥ ምን ያህሉ እሷ ዘንድ እንደሚደርስ ሁላችንም እንገምታለን። እሷን ሳይጠራ ስለ እህል አያያዝ መምከር፣ በሬውን ትቶ ቀንበሩን እንደ መንዳት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማጀት ድረስ ይገባሉ፤ ከልማት ጣቢያ ሠራተኞች ጋር ቢቀናጁ አዲስ በጀት የማይጠይቅ ሥራ ይሠራል።

የድግሱን ነገር ብዙዎች አንስተውታል፤ እኛ ረዥም አንልበትም። ሰርግም ተዝካርም የሕዝቡ ነው፤ በመመሪያ የሚታገድ አይደለም። የእድርና የሰፈር ሽማግሌዎች ተመካክረው ለጠላውና ለእንጀራው ልክ ቢያበጁለት ግን «እከሌ እንዲህ ደግሶ እኔ እንዴት» የሚለው ፉክክር ይረግባል። አንዱ ብቻውን ቢቀንስ ይታማል፤ ሁሉም ቢቀንስ ማንም አይታማም።

መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችም ወደ ራሳቸው ይመልከቱ። የመሬት ግብሩ፣ የብድሩ ተመላሽ፣ የማዳበሪያው ክፍያና ልዩ ልዩ መዋጮው ሁሉ አርሶ አደሩ እህል ባገኘበት ማግሥት ተደራርቦ ይጠየቃል። ሰብሳቢው «አሁን ካልተቀበልኩት በኋላ አያገኘውም» ይላል፤ ከእሱ ወገን ሲታይ እውነት ነው። ከጎተራው ወገን ሲታይ ግን ሁሉም በአንድ ሳምንት ሽጥ ማለት ነው። ክፍያው ቢያንስ በሁለት ጊዜ ቢከፈል፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም በመኸር ማግሥት ገዝተው በክረምት ለአባሎቻቸው የሚመልሱትን እህል ቢያሳድጉ፣ በጥር ርካሽ ሸጦ በሐምሌ ውድ የሚገዛው ሰው ቁጥር ይቀንሳል።

ጎተራው ባዶ ሲሆን የሚመጣው ረሃብ ብቻ አይደለም። ጓያ ድርቅን የሚችል፣ ሌላው ሲጠፋ የሚገኝ ሰብል ነው፤ ከሌላ እህል ጋር ጥቂት ሲበላ ብዙም አይጎዳም። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ሽባ ያደርጋል፤ የተጎዳውም አይመለስም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በደላንታ ዳውንት ከድርቅ በኋላ በርካታ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሽባ ሆነዋል፤ ቀደም ሲል በደንቢያና በፎገራም ታይቷል። ያን ጊዜ ያን ሕዝብ የመታው ድርቅ ነው፤ ቁጠባ ብቻውን ባላዳነው ነበር። ዛሬ ግን ዝናቡ ደህና በሆነበት ዓመት፣ የጎተራው ሂሳብ ባለመሠራቱ ብቻ ክረምቱን በጓያ ንፍሮ የሚገፋ ቤት ካለ ማስረጃ የሚሆን ሰበብ የለንም።

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። በግንቦት ወር የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አብረው በየጎጡ ጥቂት ቤቶች ገብተው፣ ከእማወራዋ ጋር ሆነው የቀሩትን ከረጢቶች ይቁጠሩ፤ እህሉ ነቅዞ እንደሆነም ይዩ። በወረዳው የሪፖርት ቅጽ ላይም ከኩንታሉ ቀጥሎ «ቀለቡ እስከ የትኛው ወር ይደርሳል» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። የዘጠኝ ወሩ የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት የሚዘጋጀው በሚያዝያ ነው፤ ዓምዱን ለማስገባት ጊዜው በቂ ነው።