ነጩ ነጥብ ማን ነበር?

ባለፈው ሰሞን ካፌ ተቀምጠን አንዱ ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ "ይቺን እዩልኝማ!" አለ። ግራጫ መሬት፣ የሚንቀሳቀሱ ነጫጭ ነጥቦች፣ መሐል ላይ የዒላማ መስቀል፤ ከዚያ ብልጭታ፣ ከዚያ ጭስ። ከጀርባው ሞቅ ያለ ሙዚቃ ተገጥሞለታል። "አቤት ጥራት!" አለ አንዱ። ሌላው ማኪያቶውን ፉት እያለ "በጨለማ እኮ ነው የተቀረጸው" ብሎ ተደነቀ። ነጥቦቹ ሰዎች እንደነበሩ ያነሳ የለም። እኔም አላነሳሁም። ይህን የምጽፈው ያ ዝምታዬ ስለከነከነኝ ነው።

ኢንፍራሬድ ካሜራ ብርሃን አያስፈልገውም። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ በዓይናችን የማናየው ጨረር ያመነጫል፤ ሴንሰሩ ያንን ለቅሞ ምስል ያደርገዋል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጭስ ውስጥ ሰው ይፈልጉበታል። ስለዚህ ከቴክኖሎጂው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ "ሁሉን ያያል፣ ስለዚህ አይሳሳትም" ከሚለው ወሬ ጋር ነው። ካሜራው የሚያየው ሙቀትን ነው። የገበሬ ሙቀት ከታጣቂ ሙቀት አይለይም። ነጥቡን "ጠላት" ብሎ የሚሰይመው ስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ነው፤ ከነግምቱ፣ ከነፍርሃቱ፣ ከነጥላቻው።

ማስረጃ? እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2010 አፍጋኒስታን፣ ኡሩዝጋን ውስጥ ሦስት መኪኖች ገና ሳይነጋ ጉዞ ላይ ነበሩ። አሜሪካ፣ ኔቫዳ የተቀመጠ የፕሬዴተር ድሮን ቡድን ለሰዓታት ተከታተላቸው። ቪዲዮውን ከሌላ ቦታ የሚመረምሩ ባለሙያዎች ሕፃናት ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳወቁ፤ ለድሮኑ ቡድን አልተዋጠለትም። ወሬው ከአፍ አፍ ሲዞር "ሕፃናት" የነበሩት "ጎረምሶች" ሆኑ። ተጓዦቹ ጎህ ሲቀድ ወርደው ሲሰግዱ እንኳ ከቡድኑ አንዱ ስግደታቸውን የጠላትነት ምልክት አድርጎ ወሰደው። በመጨረሻ ሄሊኮፕተሮች ተኮሱባቸው። የመንደሮቹ ሽማግሌዎች 23 ሰው ሞተብን አሉ፤ አሜሪካኖቹ 15 ወይም 16 አሉ። ያ ሁሉ ሴንሰር ከላይ እያንዣበበ በሟቾቹ ቁጥር እንኳ መስማማት አልተቻለም። ጥራት ማለት ይሄ ነው?

የሽያጩ ጠበቆች ደግሞ "ካሜራ እንጂ ቦምብ አልተሸጠም" ይሉናል። እስቲ የካናዳውን ዌስካም ኤምኤክስ-15ዲ እንይ። ከኢንፍራሬድ ሴንሰሩ ጋር ዒላማውን በሌዘር የሚያመለክት መሣሪያ አብሮ አለው፤ ሚሳይሉ የሚከተለው ያንን ሌዘር ነው። ታዲያ ይሄ ካሜራ ብቻ ነው? የቱርክ ባይራክታር ቲቢ2 ድሮኖች ይህን ዓይን ይዘው በ2020ው የናጎርኖ ካራባክ ጦርነት ለአዘርባጃን ተዋጉ። ካናዳ በኦክቶበር 2020 ሽያጩን አገደች፤ በኤፕሪል 2021 ደግሞ ቱርክ የገባችውን የአጠቃቀም ቃል አላከበረችም ብላ 29 ፈቃዶች ሰረዘች። ጎሽ! ግን ቱርክ በጃንዋሪ 2024 የስዊድንን የኔቶ አባልነት ስታጸድቅ፣ ካናዳ በቀናት ውስጥ በሩን መልሳ ከፈተች። ከሞቱት የተነሣ የለም፤ የተለወጠው የፖለቲካው ሒሳብ ነው።

የሩቅ አገር ጣጣ እንዳይመስላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የገና ዕለት ትግራይ፣ ደደቢት ውስጥ የተፈናቃዮች መጠለያ በድሮን ተመትቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የኛው ሰዎች፣ በኛው በዓል። ጦርነቱን ማንም ይደግፍ ማንም ይቃወም፣ መጠለያ ውስጥ የተኛ ሰው በስክሪን ላይ ነጭ ነጥብ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባም።

እነዚህ ካሜራዎች ከፍንዳታው በፊትም በኋላም ይቀርጻሉ። ለኛ የሚደርሰን ግን ተመርጦ የተቆረጠው፣ ሙዚቃ የተገጠመለት ነው። እንግዲያው "ሁሉን ያያል" የሚል መንግሥት ሰላማዊ ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር ያልተቆረጠውን ቪዲዮ ለገለልተኛ መርማሪ ይስጥ። የሚሸጠውም አገር ያንን ግዴታ ውሉ ላይ ያስፍር፤ እምቢ ካለ ዓይኑን አይሽጥ። እኛም ቪዲዮውን ለሌላ ከመላካችን በፊት ማኪያቷችንን አስቀምጠን አንዲት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ነጩ ነጥብ ማን ነበር?