ለጫጩት የሚሰቀል አምፖል

ዛሬ ስለ ጫጩትና ስለ አምፖል እናነባለን።

እንሽላሊት ጠዋት ጠዋት ምን እንደምታደርግ አይታችኋል? ድንጋይ ላይ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ሙቀቱ ሲበዛባት ወደ ጥላ ትገባለች። ገላዋ በቂ ሙቀት አይሠራምና ነው። በውጭ አገር እንሽላሊትና ኤሊ በሣጥን የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። በሣጥኑ አንድ ጫፍ የሚያሞቅ አምፖል ይሰቅላሉ። ሌላውን ጫፍ ቀዝቃዛ አድርገው ይተዋሉ። እንስሳው ራሱ ይመርጣል።

አዲስ የተፈለፈለ ጫጩትም ላባ እስኪያወጣ ራሱን ማሞቅ አይችልም። እናቱ ካለች ክንፏ ይበቃዋል። ተገዝቶ የመጣ የ1 ቀን ጫጩት ግን እናት የለውም። እናቱ አምፖሉ ነው።

ባለፈው ክረምት ከሶዶ ወጣ ብሎ፣ በዳሞታ ተራራ ሥር ስናስተምር፣ አንዲት ተማሪያችን የሆኑ እናት 20 ጫጩት ገዙ። አምፖሉን የሰቀልንላቸው እኛ ነን። በቃጫ ገመድ አሰርነው። ሌሊት ገመዱ በአምፖሉ ግለት አርሮ ተበጠሰ። አምፖሉ ሰጋቱራው ላይ ወደቀ። እናታችንን የጭስ ሽታ ቀሰቀሳቸው። ሶኬቱን ነቅለው አፈር በተኑበት። 8 ጫጩት ሞተ። ቤቱ የሣር ክዳን ነው፤ ልጆችም ተኝተው ነበር። ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ጠዋት አንገታችንን ደፍተን ሄድን። እሳቸው ግን አልተቆጡንም።

«ልጆቼ፣ ፊደሉን እናንተ አስተማራችሁኝ፤ ማሰሩን ደግሞ እኔ ላስተምራችሁ። የሚግል ነገር በቃጫ አይታሰርም» አሉን።

ጥፋቱ የእኛ ነበር። የተማርነውን እነሆ፦

1. አምፖሉን በጠንካራ ሽቦ ስቀሉ። አንዱ ቢላቀቅ ሌላው እንዲይዘው በ2 ሽቦ እሰሩት። መብራት በሚያመጣው ገመድ አታንጠልጥሉት።

2. ከሰጋቱራው እስከ አምፖሉ 1 ክንድ ያህል ይሁን። ሣር፣ ካርቶንና ጨርቅ አጠገቡ አይኑር። ከሣር ክዳኑም ይራቅ።

3. የተላጠ የመብራት ገመድ በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ አትጠቀሙ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይጠግነው። በእርጥብ እጅ አትንኩ። የጋለ አምፖል ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የጫጩቶቹን መጠጫ አርቁት።

4. የሚያበራ ሁሉ አያሞቅም። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ኃይል ቆጣቢ አምፖል ለጫጩት የሚሆን ሙቀት የለውም። በፀሐይ ኃይል የሚሠራው መብራትም እንዲሁ ነው። ቤቱ ቦግ ብሎ በርቶ ጫጩቱ በብርድ ይሞታል። የሚያሞቀው በውስጡ ቀጭን ሽቦ ያለው፣ ሲበራ የሚግለው የድሮው ዓይነት አምፖል ነው። ስትገዙ ጠይቁ።

5. አምፖሉን በአንድ ጎን ስቀሉ። ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ይበል።

ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። መለኪያ የለንም ብላችሁ አትጨነቁ። ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ከአምፖሉ ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ አምፖሉን ጥቂት ዝቅ አድርጉ። አፋቸውን ከፍተው ዳር ዳር ከሸሹ ሞቋቸዋል፤ ከፍ አድርጉ። ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ከተሰበሰቡ ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ፈልጉ። ተበታትነው ከበሉና ከጠጡ፣ ልክ ነው።

መብራት የሌለው ቤትስ? ዙሪያውን ደረቅ ሣር የተጠቀጠቀበት፣ አየር ማስገቢያ ያለው የእንጨት ሣጥን አዘጋጁ። ብዙ ጫጩቶች አብረው ሲያድሩበት የገላቸው ሙቀት አይባክንም። ከሰል አቀጣጥላችሁ ቤት ዘግታችሁ አትደሩ። የከሰል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ጫጩቱንም ባለቤቱንም ይገድላል።

እናታችን የተረፉትን 12 ጫጩቶች አሳደጉ። ዛሬ እንቁላል ይሸጣሉ። የሸጡትንም ራሳቸው በደብተር ይጽፋሉ።

ጥያቄ፦
ሀ. አምፖል በቃጫ ገመድ የማይታሰረው ለምንድን ነው?
ለ. ጫጩቶች ሲበርዳቸው ምን ያደርጋሉ?
ሐ. በቤታችሁ የተላጠ የመብራት ገመድ አለ? ዛሬውኑ እዩ።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት።