የሰው ምሥጢር በእኔ ደብተር

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ከትምህርት ሰዓት ውጭ በስልክ ሱቅ የምትሠራ ነህና ስለ ቴክኒክ፥ ስለ ንግድና ስለ ሕግ የሚሰማህን ጻፍልን» ባሉኝ ጊዜ በመጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ግን ፈራሁ። ደስ ያለኝ የቀፎ ክዳን ከፍቶ የሚዘጋ ልጅ በትምህርት ቤታችን እንደ ባለሙያ በመቆጠሩ ነው። የፈራሁትም እውነቱን የምጽፍ ከሆነ የራሴን ጥፋት መጻፍ ግድ ስለሚሆንብኝ ነው። የሆነ ሆኖ፥ የተከበራችሁ መምህራን፥ ወላጆችና የትምህርት ጓደኞቼ፥ አሳቤን እንደ መጣልኝ አቀርባለሁና ስሕተት ብታገኙበት በመልካም ዓይን እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ።

እኔ የበየዳ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ ከራስ ደጀን ግርጌ ገብስ የሚዘሩ፥ በግ የሚያረቡ ገበሬዎች ናቸው። አጎቴ ለትምህርት ወደ ደባርቅ ካወረደኝ ጀምሮ ከሰዓት በኋላና በገበያ ቀን በአንድ ስልክ ሱቅ እሠራለሁ። የተሰበረ መስተዋት እለውጣለሁ፤ ባትሪ እቀይራለሁ፤ ካርድ እሸጣለሁ። ከሁሉ የሚበዛው ሥራዬ ግን በስልክ የሚላከውን ገንዘብ ማስገባትና ማውጣት ነው።

ይህን ነገር ብዙ ወላጆች የሚያውቁት በወሬ ስለ ሆነ ጥቂት ልግለጽ። በስልክ ገንዘብ መላክ በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ኤምፔሳ በሚል ስም ተጀምሮ ገበሬውም ነጋዴውም ለመደው። በአገራችን ግን በየገጠሩ የታወቀው ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ ነው። በዚያው ወር ሳፋሪኮም የመራው ማኅበር 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ የቴሌኮሙን ጨረታ አሸነፈ፤ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወርም ኤምፔሳን አመጣ። እንግዲህ የከተማው ሰው ሁለት ድርጅት አማርጦ ይጠቀማል። በእኛ ቀበሌ ግን ለመደወል እንኳ ከጉብታ ላይ መውጣት የሚያስፈልግ ስለ ሆነ፥ ስለ ውድድር የሚነገረው ገና ከሩቅ የሚሰማ ነገር ነው።

የዚህ አገልግሎት ትልቁ ብልሃት ኢንተርኔት አለመፈለጉ ነው። ኮከብ 127 መሰላል ብሎ መደወል ይበቃል፤ ባለ ቁልፍ የሆነው ርካሽ ቀፎም ይሠራል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት በቆየ ጊዜ፥ የተማርነው ልጆች በዘመናዊው ስልካችን ስንኮራ ከርመን፥ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ወደዚሁ አጭር ቁጥር ተመልሰናል። ያን ጊዜ አባቴ በአሮጌ ቀፎው ሳቀብኝ።

ጥቅሙንም ልካድ አልችልም። የበየዳ ሰው በጉን ደባርቅ ሸጦ ሲመለስ በእግር ከሆነ ከአንድ ቀን የበለጠ መንገድ አለበት። ገንዘቡን በመቀነት ቋጥሮ፥ በብርድና በጨለማ፥ መንገደኛውን ሁሉ እየጠረጠረ ነበር የሚሄደው። ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ልጅም ለእናቱ የማዳበሪያ ዋጋ የሚልከው በሰው እጅ ነበርና መልእክተኛው እስኪደርስ ድረስ ወራት ያልፋል። አሁን ግን በደቂቃ ይደርሳል። ስለዚህ አንዳንድ ሽማግሌዎች «ገንዘብ በእጅ ካልተያዘ ገንዘብ አይደለም» ሲሉ ከአክብሮት ጋር አልስማማም።

ችግሩ ያለው ከዚህ ላይ ነው። ገንዘቡን ለማውጣት ባለቤቱ ከራሱ በቀር ማንም የማያውቀውን፥ አራት ወይም ስድስት አኃዝ ያለውን የምሥጢር ቁጥር መንካት አለበት። ማንበብ ለማይችል ሰው ግን በስልኩ መስተዋት ላይ የሚጻፈው ሁሉ ጨለማ ነው። ስለዚህ ቀፎውን ለሱቁ ልጅ ይሰጣል፤ ቁጥሩንም ሰው በተሰለፈበት ጮክ ብሎ ይናገራል። ቁጥሩን የሚረሳውም ብዙ ነው፤ ደጋግሞ ሲሳሳት ይዘጋበታል፤ ለማስከፈትም ሌላ ቀን ይፈጅበታል። የሱቁ ጌታ ይህን ባየ ጊዜ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቶ ሰጠኝና «የደንበኞቻችንን ቁጥር ጻፍ፤ እንዳይቸገሩ» አለኝ። እኔም ጻፍሁ። የሰዎቹ ስም በግራ፥ ቁጥሩ በቀኝ። የበየዳ ሰዎች በተለይ «የአገራችን ልጅ ነው» ብለው አመኑኝ፤ እኔም በመታመኔ ኮራሁ።

በነገራችን ላይ ደብተሩን ያየ ሰው የሕዝባችንን ሃይማኖት ሊያጠና ይችል ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የወሩን በዓላት በቁጥር ያውቃልና ብዙዎቹ የመረጡት በዓላቸውን ነው። ሚካኤልን፥ ማርያምንና መድኃኔ ዓለምን አከታትሎ 122127 ያለ አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ለማስታወስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ደብር የሚሳለም ሌባ እንዲህ ያለውን ቁጥር ለመገመት ብዙ አይቸገርም።

ባለፈው ዓመት በአንድ የገበያ ቀን፥ ልጃቸው ከመተማ የሚረዳቸው አንዲት እናት መጥተው ሒሳባቸውን ባየሁላቸው ጊዜ 1,200 ብር ጎደለ። በየትኛው ድርጅት አገልግሎት እንደ ሆነ መጻፍ አያስፈልግም፤ መሣሪያው አልተሳሳተምና። ገንዘቡ ከሦስት ቀን በፊት፥ በዚህ ሰዓት፥ ወደዚህ ቁጥር ተልኳል ብሎ በግልጥ አሳየ። ወደዚያ ቁጥር ስንደውል ዝግ ነው። እኒያ እናት ወደ እኔ ተመልክተው «ልጄ፥ ቁጥሬን አንተ ነህ የምታውቀው» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገሩት፤ ለዚህም ነው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣው።

ነገሩ ለሽማግሌ ተነገረ። አንዱ ሽማግሌ «ከአንተ ሌላ ቁጥሩን ማን ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ልመልስ? ደብተሩ በመሳቢያ ውስጥ ነው፤ መሳቢያው አይቆለፍም። ቁጥሩ በሰልፍ ፊት ተነግሯል። የእናቲቱ የወንድም ልጅም አልፎ አልፎ በስልካቸው ይደውላል። መሣሪያው ቁጥሩ መነካቱን ያውቃል እንጂ የማን ጣት እንደ ነካው አያውቅም። አልወሰድሁም ብዬ ማልሁ፤ ሽማግሌዎቹም አመንንህ አሉ፤ ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ንጹሕ መሆኔን የማስረዳበት አንድም ነገር እንደሌለኝ ተረዳሁ። ገንዘቡን የሱቁ ጌታና እኔ እኩል አዋጥተን ከፈልን። ማን እንደ ወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም። የከፈልሁትም እንደ ጥፋተኛ ተቆጥሮብኝ እንደ ሆነ አላውቅም፤ አጎቴ ግን ለብዙ ሳምንት በደንብ አላናገረኝም።

ከዚህ በኋላ ነበር ስለ ሕግ ማሰብ የጀመርሁት። አንድ መምህራችንን ብጠይቃቸው የ1952 ዓ.ም.ን የፍትሐ ብሔር ሕግ አምጥተው ቁጥር 1728ን አስነበቡኝ። ይህ ሕግ መጻፍ የማይችል ሰው በፊርማ ፈንታ የጣቱን ምልክት ሊያኖር እንደሚችል ይፈቅዳል። ነገር ግን ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው የፈረመው ውል በአዋዋይ፥ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም። አንብቤ ተደነቅሁ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ያልተማረው ገበሬ ያላነበበውን ወረቀት ፈርሞ ርስቱን እንዳያጣ አስበውለታል ማለት ነው። በገበሬውና በወረቀቱ መካከል የመንግሥት ሹም የሆነ፥ የሚጠየቅ ሦስተኛ ሰው አቆሙለት።

የዛሬውን ሕግ ስንመለከት፥ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ፥ አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ግብይት ዕውቅና ሰጥተዋል። አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ተላለፈ ተብሎ ብቻ ዋጋ አያጣም። ይህ መልካም ነው፤ ወረቀትማ አይጥም ይበላዋል። ነገር ግን በቀፎውና በእኒያ እናት መካከል የቆመው ሦስተኛ ሰው ማን ነው? እኔ ነኝ! 17 ዓመቴ ነው፤ ሥራ ስጀምር ማንም አላስማለኝም፤ ማዕረጌም የሱቅ ልጅነት ነው። የጣት ምልክት በዳኛ ፊት ይረጋገጥ በተባለበት አገር፥ ከጣት ምልክት የሚበልጥ ኃይል ያለው ቁጥር ከብስኩትና ከባትሪ ጋር በአንድ መሳቢያ ተቀመጠ።

ነገሩ በተላከ ገንዘብ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ባልከፋ። በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላና እንደኪሴ የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች ጀመረ። (ባንኩ የተጠራው በእኛው ተራራ ስም ነው፤ እኛ ግን ራስ ደጀን ነው የምንለው።) ያለ መያዣ መበደር ለነጋዴ ትልቅ ዕርዳታ ነው፤ ሆኖም የሰውን ቀፎና የምሥጢር ቁጥር አንድ ላይ የያዘ ሰው ባለቤቱ ያልጠየቀውን ዕዳ ሊያመጣበት እንደሚችል አስቡት።

ሕግ የለም ለማለት አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የይለፍ ቃልንና የምሥጢር ቁጥርን ያለ ሥልጣን ለሌላ አሳልፎ የሚሰጠውን ይቀጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲጠብቀው ያዝዛል። ነገር ግን እነዚህ አዋጆች ከወጡ በኋላ ወደ ሱቃችን መጥቶ «በመሳቢያህ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ሕግ አውጪዎቹ ስለ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች አስበው ይሆናል፤ ባለ 50 ሉኩን ደብተር አላዩትም።

የሱቁ ጌታ የሚለውም ንግግር ውሸት የለበትም። እኛ የምንኖረው በኮሚሽን ነው። ቁጥሩን ከደብተር አይቼ ከነካሁ አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ይሸኛል፤ ባለቤቱ ራሱ ይንካ ካልሁ ግን አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ የተሰለፈው ያጉረመርማል፤ ከፊሉም ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። እንግዲህ ጥንቃቄ ያደረገው ሱቅ ከሰረ፤ ግድ የለሹ አተረፈ። እኔ እንደሚመስለኝ እንዲህ ያለውን ነገር የሱቅ ልጅ በጎነት ብቻ አያቃናውም። ከእያንዳንዱ ልውውጥ ገቢ የሚያገኙት ድርጅቶች የምሥጢር ቁጥር ጽፎ የተገኘን ወኪል ወኪልነቱን ሊነፍጉት ይገባል። እኔም ብሆን በጊዜው ብቀጣ ኖሮ ትክክል ነበር።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ፋይዳ አለ አይደለም? በጣት አሻራ ይሁን» ይለኛል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 ዲጂታል መታወቂያን ስላቋቋመ አሳቡ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲለቅምና ሞፈር ሲጨብጥ የኖረ ሰው ጣቱ ስለሚፋቅ መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ ሊያነበው ያቅተዋል። ደግሞም የምሥጢር ቁጥር ቢሰረቅ ይለወጣል፤ ጣት ግን አይለወጥም። በበኩሌ የምመርጠው ቀፎው ራሱ በአማርኛም በሌላውም ቋንቋ እየተናገረ፥ ምን ያህል ብር ለማን እንደሚሄድ በጆሮ የሚያሰማ አገልግሎት እንዲስፋፋ ነው። ሰዎቻችን ማንበብ አይችሉም እንጂ መስማትና ማመዛዘን ማን ብሏቸው!

እስከዚያው ድረስ የሱቁን ጌታ ለምኜ ደብተሩን የማጥፋት ፈቃድ አገኘሁ። አንድ ቀን ቀድጄ ብጥለው ኖሮ ሰዎቹ ገንዘባቸውን ማውጣት ሊያቅታቸው ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ በመጣ ቁጥር አዲስ ቁጥር እያስለወጥሁ አሮጌውን መስመር ሰረዝሁ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፈጀብኝ። ለማስተማር የረዳኝ በ5 ቁጥር ላይ ያለችው ትንሽ እብጠት ናት። ብዙዎቻችሁ ምን እንደምትሠራ ሳታስቡ በየቀኑ ትነኳታላችሁ። ጣትን ከእርስዋ አስነሥቶ ወደ ላይ አንድ፥ ወደ ቀኝ አንድ እያሉ መምራት ይቻላል። ፊደል የማያውቅ ሰው ቁጥሩን እንደ መንገድ ይይዘዋል። ስፌት የሚሰፉ እናቶች ከሁሉ ፈጥነው ያዙት፤ ጎበዝ የሚባሉ ነጋዴዎች ግን «ሥራ አለብኝ፥ አንተው ንካው» እያሉ አስቸገሩኝ።

እኒያ ገንዘብ የጠፋባቸው እናት ለብዙ ጊዜ ወደ ሱቃችን አልመጡም። ባለፈው መጋቢት ግን መጡ፤ ያስተማሩዋቸውም ከእኛ ሱቅ የተማሩ ጎረቤታቸው ናቸው። የልጃቸውን 3,000 ብር ለማውጣት ፈልገው ቀፎውን ከመቀነታቸው ፈቱ። ልረዳቸው እጄን ብዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ነጠላቸውን በቀፎው ላይ ደረቡና «አንተ ልጅ፥ ወዲያ ዙር» አሉኝ። ከኋላ ያሉት ሰዎች መሽቶብናል እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። እኔም ወደ ግድግዳው ዞሬ ቆየሁ፤ በሦስተኛው ሙከራ ይመስለኛል፥ የመልእክቱ ድምፅ በእኔም ቀፎ ላይ ተሰማ፤ ብሩንም ቆጥሬ ሰጠኋቸው።